አደራ የተቀበለ ካሜራ

በቻይና ሲኒማ ቤት ተቀምጦ ፊልም የሚጠብቅ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የሚያየው በአረንጓዴ መደብ ላይ የሚወጣ ወርቃማ ዘንዶ ነው። «የዘንዶ ማኅተም» ይሉታል። ፊልሙ በመንግሥት ሳንሱር አልፎ ለሕዝብ እንዲታይ መፈቀዱን የሚናገር ምልክት ነው። ሁ ጂዬ የሚባል ሰው ከ30 በላይ ዘጋቢ ፊልሞች ሠርቷል። ስሙን ባስጠሩት ፊልሞች ላይ ግን ያ ዘንዶ የለም።

እኛ አገር በቪዲዮ ቤቱ ዘመን «የቻይና ፊልም» ማለት ኩንግ ፉ ነበር፤ አብዛኛውም የመጣው ከሆንግ ኮንግ ነው። ከዚያ ወዲህ የቻይና ሲኒማ ሲነሳ የሚጠሩት ከቤይጂንግ የፊልም አካዳሚ የወጡ ባለ ትልቅ በጀት ዳይሬክተሮች ናቸው። የፊልም ትምህርት ቤት ደጃፍ ሳይረግጥ፣ በትንሽ የእጅ ካሜራ የአገሩን የተቀበረ ታሪክ ቆፍሮ ያወጣውን ሁ ጂዬን የሚያውቁት ጥቂቶች ናቸው፤ እነሱም በቁርጥራጩ። አንዱ በደሟ ስለጻፈችው ሴት ሰምቷል፣ ሌላው ስለ አንድ ሽማግሌ ሻንጣ። ከመጀመሪያው ተነስቶ ላየው ግን ነገሩ አንድ ወጥ መንገድ ነው። ዓመታቱን ሁሉ የጻፍኩት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ከወታደር ቤት የወጣው ሠዓሊ (ከ1958 እስከ 1995)

ሁ ጂዬ በ1958 በሻንዶንግ ክፍለ ሀገር ዋና ከተማ በጂናን ተወለደ። የአገሪቱ መሪ ማኦ ዜዱንግ «ታላቁ ወደፊት ዝላይ» ያሉትን ዘመቻ የጀመሩት በዚያው ዓመት ነው። ገበሬው ማሳውን ለኮምዩን አስረከበ። ብረት ይቅለጥበት ተብሎ ድስቱ ሳይቀር ከቤቱ ወጣ። ሹማምንቱ ያልተመረተውን እህል ተመረተ እያሉ ሪፖርት አደረጉ፤ መንግሥትም በዚያ የሐሰት ቁጥር ልክ ከጎተራው ጭኖ ወሰደ። ከ1959 እስከ 1961 በረሃብ ያለቀው ሕዝብ በአሥር ሚሊዮኖች ይቆጠራል። ልጁ ስምንት ዓመት ሲሞላው ደግሞ ወጣቱን በመምህራንና በሹማምንት ላይ ያስነሳው የማኦ የባህል አብዮት መጣ። እነዚህን ሁለት መከራዎች የእሱ ትውልድ በዓይኑ አይቷቸዋል፤ በመማሪያ መጽሐፉ ግን በቅጡ አላገኛቸውም።

በ1977 ወታደር ሆነ። አሥራ አምስት ዓመት አገለገለ። በአገልግሎቱ መጨረሻ ላይ፣ ከ1989 እስከ 1991፣ በሕዝባዊ ነፃ አውጪ ጦር የኪነ ጥበብ ኮሌጅ የዘይት ቀለም ሥዕል ተማረ። ኮሌጅ በገባበት ዓመት፣ በሰኔ ወር፣ የገዛ ሠራዊቱ በቤይጂንግ ጎዳናዎች በሕዝቡ ላይ ተኩሷል። ትምህርት ብሎ የወሰደው የጥበብ ትምህርት ይኸው የሥዕሉ ነው። ስለ ካሜራ፣ ስለ ድምፅ፣ ስለ ኤዲቲንግ ማንም አላስተማረውም።

በ1992 የወታደር ልብሱን ሲያወልቅ ቻይና በሁለት ነገር ተለውጣ ጠበቀችው። ከመንግሥት መሥሪያ ቤት ውጭ እንጀራ ማግኘት ተችሏል። አንድ ሰው በትከሻው ተሸክሞ ብቻውን ሊሠራበት የሚችል የቪዲዮ ካሜራም ገበያ ገብቷል። ከሁለት ዓመት በፊት ዉ ዌንጓንግ የሚባል የቀድሞ የቴሌቪዥን ጋዜጠኛ በቤይጂንግ ቋሚ ሥራና የመኖሪያ ፈቃድ ሳይኖራቸው የሚኖሩ አምስት ወጣት የጥበብ ሰዎችን ቀርጾ፣ ያለ ስቱዲዮና ያለ ፈቃድ ፊልም መሥራት እንደሚቻል አሳይቶ ነበር። እስከዚያ ድረስ ዘጋቢ ፊልም ማለት ከፍ ባለ ድምፅ የሚነበብ የመንግሥት መግለጫ፣ ከሥሩ የሚሄድ ሥዕል ነበር።

ሁ ጂዬም ወደ ቤይጂንግ ዳርቻ፣ ወደ ዩዋንሚንግዩዋን አመራ። ቦታው የእንግሊዝና የፈረንሳይ ጦር በ1860 ያቃጠለው የነገሥታቱ የበጋ ቤተ መንግሥት ፍርስራሽ ነው። በአጠገቡ ቀጣሪ የሌላቸው ሠዓሊዎች የገበሬ ቤት እየተከራዩ መንደር መሥርተው ነበር። ሁ ጂዬ ከመካከላቸው አንዱ ሆኖ ኖረ፤ በ1995ም ቀረጻቸው። በዚያው ዓመት ፖሊስ መንደሩን በተነው። ከመጀመሪያዎቹ ሥራዎቹ አንዱ ወዲያው የጠፋ ቦታ ማስታወሻ ሆኖ ቀረ።

ድንጋይ ከሰል፣ አጋቢዋ፣ ቆሻሻ ለቃሚዎቹ (ከ1995 እስከ 1999)

ቀጥሎ ወደ ምዕራብ፣ ወደ ቺልየን ተራሮች ወጣ። በዚያ ከፍታ ላይ በጠባብ ጉድጓድ እየገቡ ድንጋይ ከሰል የሚያወጡ ድሆች አሉ። ሁ ጂዬ ካሜራውን ይዞ አብሯቸው ገባ። ከዚያም በገጠር ወንድና ሴት እያገናኘች የምትኖር አጋቢ ሴትን፣ በከተማ ደግሞ ቆሻሻ የሚለቅሙ ሰዎችን ቀረጸ።

እነዚህን ፊልሞች ያየ ሰው የሥዕል ተማሪውን ዓይን ያውቀዋል። አንድ ፊት ላይ ረግቶ ይቆያል፤ ሥዕሉን በቶሎ አይቀይርም። ተራኪ የለም ማለት ይቻላል። ትምህርት ቤት ቢገባ ኖሮ ምናልባት በስድስት ወር የሚነገረውን ነገር እሱ በየጉድጓዱና በየቆሻሻ ክምሩ አራት ዓመት ፈጅቶ ተማረው፤ ሰው በካሜራ ፊት እውነቱን የሚናገረው ቀራጩ መቻኮሉን ሲተው ነው። ይህ ትዕግሥት በኋላ ያዋጣው ትልቁ ሀብቱ ሆነ።

እንጀራም ስለሚያስፈልግ ከ1997 ጀምሮ በናንጂንግ በመንግሥቱ የዜና ወኪል በሺንኋ ቅርንጫፍ የቪዲዮ ሥራ ያዘ። ደህና ሥራ ነበር። እዚያው ጡረታ ሊወጣ ይችል ነበር።

በደም የተጻፈው (ከ1999 እስከ 2004)

በ1999 የአንዲት ሴት ስም ከሰው አፍ ሰማ፤ ሊን ዣው። በሻንጋይ እስር ቤት ቀለምና ወረቀት ስትከለከል ጣቷን በሾለ ነገር እየወጋች በደሟ ትጽፍ ነበር አሉት። ሁ ጂዬ ያደገው ያ ዘመን ሁሉም ሰው አንድ ቃል የሚናገርበት እንደ ነበር እየተነገረው ነው። እምቢ ያለ ሰው እንደ ነበር አያውቅም። ነገሩ እንቅልፍ ነሳው።

ሊን ዣው በ1932 በሱጆ ተወለደች። በልጅነቷ በሚሲዮን ትምህርት ቤት ተምራ ክርስትናን ተቀብላለች። ወዲያው ደግሞ ከማንም በላይ የጋለች ኮሚኒስት ሆነች፤ ለመሬት ይዞታው ለውጥ ገጠር ዘምታለች። በ1954 ቤይጂንግ ዩኒቨርሲቲ ገባች። በ1957 የኮሚኒስት ፓርቲው ሕዝቡን «ተቹን» ብሎ ከጋበዘ በኋላ የተቹትን «ቀኝ ዘመም» እያለ ሲለቅም እሷም ተለቀመች። በ1960 ታሰረች። አባቷ መታሰሯን ከሰሙ በኋላ ብዙም ሳይቆዩ የገዛ ሕይወታቸውን አጠፉ። በ1965 ሃያ ዓመት ተፈረደባት፤ ሚያዝያ 29 ቀን 1968 በሻንጋይ በጥይት ተገደለች። ከሁለት ቀን በኋላ አንድ ፖሊስ እናቷ ቤት መጥቶ የጥይቱን ዋጋ አምስት ፌን ጠየቀ። አንድ ዩዋን መቶ ፌን ነው።

ይህን የሚያነብ ኢትዮጵያዊ ምን እንደሚያስታውስ አውቃለሁ። በቀይ ሽብር ዘመን የልጃቸውን አስከሬን ሊወስዱ የሄዱ ወላጆች የጥይት ዋጋ ክፈሉ ተብለዋል።

ሁ ጂዬ ፊልሙን እንደ ጀመረ ነገሩ ቢሮ ተሰማ። ሥራውን እንዲለቅ ተደረገ። ያጠራቀመውን ገንዘብ እየቆነጠረ በባቡር ከከተማ ከተማ ይዞር ጀመር። አብረዋት የተማሩትን፣ አብረዋት የታሰሩትን እየፈለገ በር አንኳኳ። ብዙዎቹ በሰባዎቹ ዕድሜ ላይ ነበሩ። አንዳንዱ ፈርቶ መለሰው፤ አንዳንዱ ግን ይህን ጥያቄ አርባ ዓመት ሲጠብቅ የኖረ ይመስል ተናገረ።

የሥራ ዘዴውም እዚህ ላይ ተቀየረ፤ ለእኔ የሕይወቱ ትልቁ መታጠፊያ ይህ ነው። የከሰል ቆፋሪውን ከኋላ ከኋላው እየተከተሉ መቅረጽ ይቻላል። የሞተችን ሴት ግን ምን ብለው ይቀርጿታል? ያሉት ጥቂት ፎቶግራፎች፣ የሌሎች ትዝታ፣ ወረቀት ብቻ ነው። ስለዚህ ተመልካች የነበረው ሰው መርማሪ ሆነ። በፊልሙ ውስጥ በራሱ ድምፅ ይተርካል፤ ፍለጋው ራሱ ታሪክ ይሆናል።

ከሁሉ የሚበልጠው ትዕይንት የጋን ትሱዌይ ነው። ጋን ትሱዌይ በወጣትነታቸው ሊን ዣውን ያፈቀሩ፣ እንደ እሷ «ቀኝ ዘመም» ተብለው ወደ ሩቁ ሺንጂያንግ የተጋዙ ሰው ናቸው። ሊን ዣው ከእስር ቤት ለፓርቲው ጋዜጣ ለሕዝብ ዕለታዊ ዝግጅት ክፍል የጻፈችው 140 ሺህ ቁምፊ ገደማ የሚሆን ደብዳቤ ከዓመታት በኋላ ከሌሎች ጽሑፎቿ ጋር ለቤተሰቧ ከተመለሰ ወዲያ፣ እሳቸው ለወራት ተቀምጠው ቃል በቃል በእጃቸው ገለበጡት። በካሜራው ፊት ያን የወረቀት ክምር እያገላበጡ ሲያሳዩ፣ አንድ አረጋዊ የወጣትነት ፍቅራቸውን ቃል በእጅ ጽሑፋቸው ከሞት እንዳተረፉ ተመልካቹ በዓይኑ ያያል። ለማን ነበር ያቆዩት? ማን ይመጣል ብለው? ሁ ጂዬ መጣ።

«የሊን ዣውን ነፍስ ፍለጋ» በ2004 አለቀ። ማከፋፈያ ድርጅት አልነበረውም። ዲቪዲው ከእጅ ወደ እጅ እየተገለበጠ፣ በዩኒቨርሲቲ መኝታ ክፍሎችና በመኖሪያ ቤቶች ታየ። ሊን ዣው ማን እንደ ነበረች የማያውቁ ወጣቶች ሱጆ በሚገኘው የሊንግየን ተራራ ወደ መቃብሯ በየሚያዝያው መሄድ ጀመሩ፤ ባለሥልጣናቱ መቃብሩ ላይ የጥበቃ ካሜራ እስኪሰቅሉ ድረስ።

ፕሮፌሰሯ (2004 እና 2005)

በዚህ ጊዜ በጓንግጆ የሥነ ጽሑፍ ፕሮፌሰር የነበሩት አይ ሺያውሚንግ ከሁ ጂዬ ጋር መሥራት ጀመሩ። በአጠራጣሪ ሁኔታ ስለ ሞተች ወጣት መምህርት፣ ሙሰኛ ያሉትን ሹማቸውን ለማውረድ ስለ ተነሱ የታይሺ መንደር ገበሬዎች ፊልም ሠሩ። ፕሮፌሰሯ ካሜራ አያያዝ የተማሩት በዚህ ሥራ ላይ ነው፤ ከዚያ በኋላ በራሳቸው የቆሙ ዘጋቢ ፊልም ሠሪ ሆነዋል። ራሱን ያስተማረው ሰው በተራው አስተማሪ ሆነ ማለት ነው።

የሽማግሌው ሻንጣ (2006 እና 2007)

ነሐሴ 5 ቀን 1966 በቤይጂንግ፣ የቤይጂንግ መምህራን ዩኒቨርሲቲ የልጃገረዶች መለስተኛና ከፍተኛ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ምክትል ርዕሰ መምህርት ቢየን ጆንግዩን በገዛ ተማሪዎቻቸው ተደብድበው ተገደሉ። በባህል አብዮቱ በቤይጂንግ ከተገደሉት የትምህርት ሰዎች የመጀመሪያዋ ናቸው። ትምህርት ቤቱ የትልልቅ ባለሥልጣናት ልጆች የሚማሩበት ነበር። ለግድያው የተጠየቀ ሰው የለም።

ባለቤታቸው ዋንግ ጂንግያው የታሪክ ምሁር ነበሩ። በማግሥቱ ያደረጉት ነገር እስካሁን ያስደንቀኛል። ከሱቅ ካሜራ ገዙ። የሚስታቸውን አስከሬን ሰንበሩና ቁስሉ እንደሚታይ አድርገው ፎቶ አነሱ። ቤታቸው በር ላይ የተለጠፈውን የስድብ ጽሑፍ አነሱ። በደም የተነከረ ልብሷን ሳያጥቡ አስቀመጡ። ይህ ቢገኝባቸው ምን እንደሚደርስባቸው ያውቁ ነበር፤ አራት ልጆችም ነበሯቸው። ነገር ግን የታሪክ ሰው ናቸውና አንድ ቀን ማስረጃ የሚጠየቅበት ጊዜ እንደሚመጣ አመኑ።

አርባ ዓመት አለፈ። ሁ ጂዬ በ2006 በሠራው «ብሞትም እንኳ» ውስጥ፣ ሰማንያ አምስት ዓመት የሞላቸው ዋንግ ያን አሮጌ ሻንጣ ይከፍታሉ። ልብሱን አንድ በአንድ ያወጣሉ። እጃቸው አይፈጥንም። ካሜራው እንደ ቆመ ነው፤ ከሥሩ የሚያስለቅስ ሙዚቃ አልተደረገበትም። ፊልሙ አብዛኛው ጥቁርና ነጭ ነው። ሁ ጂዬ በከሰል ጉድጓድ የተማረው ትዕግሥት እዚህ ላይ ዋጋውን አገኘ፤ ሌላ ዳይሬክተር በአንድ ደቂቃ የሚቆርጠውን ዝምታ እሱ እንዳለ ተወው።

በቀጣዩ ዓመት በዩናን ክፍለ ሀገር ዋና ከተማ በኩንሚንግ ሊካሄድ የነበረው የዘጋቢ ፊልም ፌስቲቫል ይህን ፊልም መረጠ። ባለሥልጣናቱ ፌስቲቫሉን አገዱት። አዘጋጆቹ ጓዛቸውን ጠቅልለው ወደ ዳሊ ከተማ ሄደው በትንሹ አካሄዱት። ለአንድ የሻንጣ ታሪክ ሲባል መላው ፌስቲቫል መዘጋቱ፣ ሻንጣው ምን ያህል ከባድ እንደ ነበር ይናገራል።

ከዚያ በኋላ ሰዎች ራሳቸው ይፈልጉት ጀመር። በ2009 በዩናን በምትገኘው የሚሌ አውራጃ «ቀኝ ዘመም» ተብለው በመንግሥት እርሻ ጉልበት ሥራ ላይ ስለ ዋሉ ሰዎች ፊልም አወጣ። በ2010 ደግሞ ማኦ ሥልጣን ይልቀቁ ብለው በግልጽ ስለ ተናገሩና በጥር 1970 በቤይጂንግ ስለ ተረሸኑት የሰባት ልጆች እናት፣ ስለ ዋንግ ፔይዪንግ ሠራ። አደራ ጠባቂዎቹ ካሜራውን አገኙት ማለት ይቻላል።

የ«ብልጭታ» ልጆች (እስከ 2013)

የሊን ዣው ፈለግ ሁ ጂዬን ወደ ሌላ ታሪክ መራው። በ1957 «ቀኝ ዘመም» ተብለው ከላንጆ ዩኒቨርሲቲ በጋንሱ ክፍለ ሀገር ወደ ቲየንሽዌይ አካባቢ ገጠር የተጋዙ ተማሪዎች ነበሩ። ረሃቡ ሲገባ በአጠገባቸው ገበሬው በየመንገዱ ሲወድቅ አዩ፤ ጋዜጣው ደግሞ ስለ ትርፍ ምርት ያወራል። ዝም ማለት አልቻሉም። በጥር 1960 «ብልጭታ» ብለው የሰየሙትን መጽሔት በስቴንስል አባዙ። የመጀመሪያው እትም 30 ቅጂ ገደማ ነበር። የሊን ዣው ረጅም ግጥምም በውስጡ ወጥቷል።

በዚያው ዓመት 43 ሰዎች ታሰሩ፤ ከመካከላቸው የረዷቸው ገበሬዎችና አንድ የአውራጃ የፓርቲ ሹም ነበሩ። የቡድኑ መሪ፣ በኮሪያ ጦርነት ወታደር የነበረው ጃንግ ቹንዩዋን፣ በ1970 ተረሸነ። ሹሙ ዱ ዪንግኋም እንዲሁ። የጃንግ ፍቅረኛ ታን ቻንሽዌ ከረጅም እስር ተርፋ የጓደኞቿን ታሪክ ሰነድ እየለቀመች ጻፈች።

ሁ ጂዬ በሕይወት የተረፉትን አፈላልጎ «ብልጭታ» የተባለውን ፊልም በ2013 ጨረሰ። ከነዚህ ሰዎች አንዱ፣ መጽሔቱን በእጃቸው ያባዙት ሺያንግ ቸንግጂየን፣ ስለ ጓደኞቻቸው ሲናገሩ እንባቸው ይቀድማቸዋል። ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላም ያ ሐዘን አልደረቀም።

አንድ ችግር ግን ነበር። ረሃቡን የሚያሳይ ፎቶግራፍ እጅግ ጥቂት ነው። ሁ ጂዬ ወደ ቀድሞ ሙያው ተመለሰ። እንጨት እየፈለፈለ፣ ቀለም እየቀባ፣ በወረቀት ላይ እያተመ የረሃቡን ዘመን በጥቁርና ነጭ ሣለው። ፎቶ ባልተነሳበት ቦታ የወታደር ኮሌጁ ሠዓሊ ደረሰ።

በሩ ሲዘጋ (ከ2014 ወዲህ)

እነዚህ ፊልሞች ይታዩባቸው የነበሩት ትንንሽ ፌስቲቫሎች አንድ በአንድ ከሰሙ። በነሐሴ 2014 ፖሊስ በቤይጂንግ ዳርቻ በሶንግጁዋንግ ይካሄድ የነበረውን የነፃ ፊልም ፌስቲቫል ዘጋ፤ በዓመታት የተጠራቀመውን የፊልም ማኅደርም ጭኖ ወሰደ። በመጋቢት 2017 ሥራ ላይ የዋለው የፊልም ሕግ ያለ ዘንዶ ማኅተም ፊልም ማሳየትን በግልጽ ከለከለ። በ2003 የተመሠረተው የናንጂንግ ነፃ ፊልም ፌስቲቫል በ2020 መጀመሪያ ሥራ አቆመ። በዚያን ጊዜ የሚናገሩት አረጋውያንም ብዙዎቹ አልፈዋል። ሁ ጂዬ በ1999 በር ማንኳኳት ባይጀምር ኖሮ፣ ከሃያ ዓመት በኋላ የሚከፍትለት ሰው ባልኖረ ነበር። የዚህ ራሱን ያስተማረ ሰው ትልቁ ችሎታ በሰዓቱ መድረሱ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ከፊልሞቹ ውበትም አስቀድማለሁ።

በ2023 አሜሪካዊው ጋዜጠኛ ኢያን ጆንሰን ስለ ቻይና የምሥጢር ታሪክ ጸሐፊዎች ያሳተመው መጽሐፍ ስሙን የወሰደው ከእነዚያ የላንጆ ተማሪዎች መጽሔት ነው። በዚያው ዓመት መጨረሻ እሱና ባልደረቦቹ በኢንተርኔት በከፈቱት ነፃ ማኅደር ውስጥ የሁ ጂዬ ፊልሞች ተቀምጠዋል። ለመጀመር የሚፈልግ አንባቢ «ብሞትም እንኳ»ን ያስቀድም። ርዝመቱ ከአንድ ሰዓት ብዙም አይበልጥም። ዋንግ ጂንግያው ሻንጣውን ሲከፍቱ ግን አያቋርጡት።